«ሄቨንስ ጌት»፦ ማንም እንደ ተመልካች ሳያየው የተመረቀ ፊልም

መጥፎ ፊልም ሞልቷል። አብዛኛው አይተነው በሳምንቱ ይረሳናል። ለዓመታት እየጠቀስን የምንናደድበት ግን «ጊዜዬን በላው» ያልነው ፊልም ነው። ይህ ንዴት ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት አንድ ጉዳይ ከሥሩ መመርመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የመረጥኩት «ሄቨንስ ጌት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው።

ፊልሙ የተመረቀው በ1980 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ 219 ደቂቃ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ከ39 ደቂቃ ማለት ነው። በሳምንቱ ከሲኒማ ቤት ወረደ። ተቆርጦ ተመለሰና እንደገና ወደቀ። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ታላላቅ የፊልም ፌስቲቫሎች በክብር አሳዩት።

ይህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ገንዘቡ ነው። ቁጥሩ ስለሚያስደነግጥ አይፈረድም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትኬት ቆርጦ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ ስለ በጀቱ ግድ የለውም። ሰዓቱን ማየት የጀመረው ለምን እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ስቱዲዮው ለምን ልቡን ሰጠ

ዩናይትድ አርቲስትስ በ1919 የተመሠረተ ስቱዲዮ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቻርሊ ቻፕሊን ነበር። በ1970ዎቹ ስሙ ከፍ ያለ ነበር፤ የምርጥ ፊልም ኦስካርን ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዷል። ባለቤቱ ትራንስአሜሪካ የሚባል የኢንሹራንስና የፋይናንስ ኩባንያ ነበር። በ1978 መጀመሪያ አንጋፋዎቹ የስቱዲዮው አመራሮች ከባለቤቱ ጋር አልስማማ ብለው በአንድ ላይ ለቀቁ። ኦራየን የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በቦታቸው የተተኩት ሰዎች ታዲያ «እኛም እንችላለን» ብለው በፍጥነት ማሳየት ነበረባቸው።

በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ ማይክል ቺሚኖ መጣ። «ዘ ዲር ሀንተር» የተባለውን ፊልሙን ጨርሶ ነበር፤ ያዩት ሁሉ ያደንቁት ነበር። አዲሱ ስክሪፕቱ በ1892 ዋዮሚንግ ውስጥ በከብት ባለሀብቶችና በሰፋሪዎች መካከል የተነሳውን ግጭት መነሻ ያደረገ ነው። መጀመሪያ የተነገረው ወጪ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሲጸድቅ 11.6 ሚሊዮን ደረሰ። «ዘ ዲር ሀንተር» ኤፕሪል 9 ቀን 1979 አምስት ኦስካር ወሰደ፤ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተርም በውስጡ ናቸው። የ«ሄቨንስ ጌት» ቀረጻ የተጀመረው ልክ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 16 ነው። በዚያ ሳምንት ለዚህ ሰው «ቀስ በል» የሚል አፍ ከየት ይገኛል?

ውሉ ላይ ደግሞ አንድ አደገኛ አንቀጽ ነበር። ስቱዲዮው ፊልሙን ለ1979 የገና ሰሞን ፈልጎታል። ስለዚህ ለዚያ ቀን ለመድረስ የሚወጣ ተጨማሪ ወጪ ከበጀት በላይ እንደወጣ አይቆጠርም ተባለ። ገደቡ በራሱ በስቱዲዮው ፊርማ ተነሳ። ፊልሙ ለዚያ ገና አልደረሰም፤ ወጪው ግን ቀጠለ።

ሣሩና መንገዱ

ቀረጻው የተካሄደው በዋናነት ሞንታና ውስጥ፣ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው። ሥራው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን አምስት ቀን ወደኋላ ቀርተው ነበር። ቺሚኖ አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ያስቀርጻል። የጦርነቱ ሜዳ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ የመስኖ መስመር ተዘረጋ። በሰፊው የሚነገር የመንገድ ታሪክም አለ። ለፊልሙ የተሠራው ከተማ ዋና መንገድ በስድስት ጫማ (ሁለት ሜትር ገደማ) ጠበበበት። በአንዱ ወገን ያሉትን ቤቶች አፍርሶ ስድስት ጫማ መግፋት ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሁለቱም ወገን ፈርሶ፣ ሦስት ሦስት ጫማ ተገፍቶ እንዲሠራ አደረገ።

በመጨረሻ ከ200 ሰዓት በላይ የሚሆን ፊልም ተቀርጾ ተጠራቀመ። ወጪው ሁሉ ተደምሮ 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ።

ቺሚኖ ጋዜጠኛ ቀረጻው ቦታ እንዳይደርስ ከልክሎ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ አጃቢ ተዋናይ ሆኖ ተቀጠረና ያየውን ጻፈ። ጽሑፉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ሳይታይ ስሙ «ገንዘብ የሚያባክነው ፊልም» ሆነ።

አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የእንስሳቱ ጉዳይ። በቀረጻው ላይ እውነተኛ የአውራ ዶሮ ፍልሚያ ተካሂዷል። ፈረሶች ተጎድተዋል፤ ሞተዋልም። የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ፊልሙን በአደባባይ ተቃወመ። ከዚህ ውዝግብ በኋላ ነው ማኅበሩ በፊልም ቀረጻ ላይ እንስሳትን የመከታተል ሥልጣኑ በስምምነት የጸናው። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች ይህን ሲዘሉት አይቻለሁ። መዘለል የለበትም። የትኛውም ውብ ምስል ለዚህ ምክንያት አይሆንም።

የምርቃቱ ማታ

በ1980 ጁን ወር ላይ ቺሚኖ የመጀመሪያውን ኤዲት ለስቱዲዮው ኃላፊዎች አሳየ። አምስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ከዚህ ላይ ምናልባት 15 ደቂቃ ሊቀነስ ይችላል አላቸው። የመጨረሻው ጦርነት ብቻውን አንድ ተራ ፊልም ያህል ይረዝም ነበር ይባላል። ኃላፊዎቹ በዚህ መልኩ አይወጣም አሉ። ቺሚኖ ተመልሶ ኤዲቲንግ ክፍል ገባ። ከወራት በኋላ 219 ደቂቃ አድርጎት ወጣ።

ኖቬምበር 18 ቀን 1980፣ ኒው ዮርክ። እንግዶች ተጠርተዋል፣ ሻምፓኝ ተዘጋጅቷል። ፊልሙ ረጅም ስለሆነ መሀሉ ላይ እረፍት አለው። በእረፍቱ ሰዓት የሆነውን ከስቱዲዮው ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ስቲቨን ባክ በኋላ በመጽሐፉ ጽፎታል። ሰዉ ዝም ብሏል። ሻምፓኙን የሚያነሳ የለም። ቺሚኖ ለምን እንደማይጠጡ ጠየቀ። የማስታወቂያ ሠራተኛዋ ፊልሙን ስለጠሉት ነው አለችው።

ይህች ቅጽበት ለእኔ የጉዳዩ ልብ ናት። ሰውየው ሁለት ዓመት የለፋበት ሥራ ለፊቱ እየታየ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ስሜት ግን አልደረሰበትም። ሌላ ሰው መንገር ነበረበት። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለመስተካከል ቀርቶ ለመጸጸትም ዘግይቷል።

በማግስቱ የኒው ዮርክ ታይምስ ሐያሲ ቪንሰንት ካንቢ ፊልሙን ፈጽሞ የከሸፈ ሥራ ነው አለው። ከጻፈው ሁሉ በዓለም የተሰራጨችው አንድ አባባል ናት፦ ፊልሙን ማየት ሰው በገዛ ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ በግድ እየዞረ እንዲጎበኝ እንደመደረግ ነው። ሌላው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ደግሞ በሲኒማ ካየው ብክነት ሁሉ የባሰ አሳፋሪ ነው ብሎ ጻፈ። እሱን በጣም ያበሳጨው አንድ ነገር ምስሉ ነበር። አቧራው፣ ጭሱ፣ በሁሉም ላይ የተደፋው ቡናማ ቀለም። መታየት ያለበት ነገር አይታይም ነበር ባዩ ብዙ ነው።

ቺሚኖ ራሱ ፊልሙ ከሲኒማ እንዲወርድ ጠየቀ። ለስቱዲዮው ፕሬዚዳንት ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በፊልም ኢንዱስትሪው ጋዜጦች አወጣው። ኒው ዮርክ ላይ አንድ ሳምንት ታየና ወረደ።

ወንበሩ ላይ ያለው ሰው

እስኪ ፊልሙን ከወንበሩ እንየው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1870፣ በሃርቫርድ የምርቃት ቀን ነው። (የተቀረጸው ግን እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ነው።) አንድ ወጣት የተመራቂዎቹ ሰልፍ እንዳያመልጠው ይሮጣል። አንድ አዛውንት የተማረ ሰው ስላለበት ኃላፊነት ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። የተመራቂዎቹ ተወካይ ተነስቶ እየቀለደ ሌላ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ከዚያ ሣር ላይ ቫልስ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሽከረከራሉ፤ ካሜራውም አብሯቸው ይዞራል። ቀጥሎ ዛፍ ከበው ይጋፋሉ። ሲመሽ ሻማ የያዙ ልጃገረዶች በመስኮት ይታያሉ።

ውብ ነው። እውነቴን ነው፣ በጣም ውብ ነው። ግን 20 ደቂቃ ያህል አልፎ ተመልካቹ አንድም የሚጨነቅለት ነገር አልተሰጠውም። ወጣቱ ምን ይፈልጋል? ምን ሊያጣ ይችላል? ማንን ነው የምንከተለው? ምንም የለም። ሰው ውበትን ለማየት ጊዜውን ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ወደ አንድ ቦታ እየወሰዱት እንደሆነ ካመነ ነው።

ከዚያ ፊልሙ 20 ዓመት ይዘላል። ያ ወጣት፣ ጄምስ አቨሪል፣ አሁን ጺሙን ያሳደገ የዋዮሚንግ ሕግ አስከባሪ ነው። ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ነው የሚጫወተው። ሀብታም ልጅ ሆኖ ሳለ ወደ ምዕራብ ለምን መጣ? አብራው የጨፈረችው ልጅ ምን ሆነች? መልስ የለም። ያ የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለአሁኑ ሰውዬ ምን እንደሚጠቅም ተመልካቹ ራሱ እንዲገምት ተትቷል።

ቆይቶ ታሪኩ በትክክል ይጀምራል። የከብት ባለሀብቶቹ ማኅበር ይሰበሰብና 125 ሰዎች የሚገደሉበትን የስም ዝርዝር ያጸድቃል። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ድሃ ስደተኞች ናቸው። አንድ ታሪክ ከዚህ በላይ ምን ጉልበት ይፈልጋል? 125 ስም! ይህን የሰማ ተመልካች ወንበሩ ጫፍ ላይ ይመጣል። ማን ማን አለበት? መቼ ይመጣሉ? ማን ያስጠነቅቃቸዋል?

ፊልሙ እዚህ ላይ ነው እጁን የለቀቀው። ዝርዝሩን ያወቀው ጀግና ወደ ሚወዳት ሴት ይሄዳል። ኤላን የምትጫወተው ኢዛቤል ዩፔር ናት። ሠረገላ በስጦታ ያመጣላታል። በሠረገላው ይሽከረከራሉ። በኋላ «ሄቨንስ ጌት» የሚባለው አዳራሽ ውስጥ ስደተኞቹ ሥሩ ትንንሽ ጎማ በተገጠመለት ጫማ (ሮለር ስኬት) እየተንሸራተቱ ይጨፍራሉ። ይህ ትዕይንት በራሱ ግሩም ነው። ቫዮሊን እየመታ በዚያው ጫማ የሚሽከረከረው ወጣት ዴቪድ ማንስፊልድ ነው፤ የፊልሙን ሙዚቃ የሠራውም እሱ ነው። በሌላ ፊልም ውስጥ ቢሆን እያነሳን የምናወራው ትዕይንት ይሆን ነበር። እዚህ ግን ተመልካቹ የተነገረው ሞት አለ። አእምሮው የሞቱን ሰዓት እየቆጠረ ሳለ ጭፈራው ይረዝምበታል። ካሜራው የተደሰተ ያህል እሱ አልተደሰተም።

የድምፁ ችግር ደግሞ አለ። በምርቃቱ ጊዜ ብዙዎች ንግግሩ አይሰማም ብለው አማርረዋል። ባቡር፣ ሠረገላ፣ ፈረስ፣ ጩኸት፤ ከዚህ ሁሉ ሥር ተዋናዩ የሚያጉተመትመው ዓረፍተ ነገር አለ። ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንዳንዴ ታሪኩን የሚያስረዳው ብቸኛው ነገር ነው። ፊልሙ በራሱ ቀርፋፋ ነው፤ ካልሰማኸው ደግሞ ጭራሽ የቆመ ይመስልሃል።

ብዙ ቆይቶ አንድ ትዕይንት ይመጣል። አቨሪል ዝርዝሩን ይዞ አዳራሹ ውስጥ ይቆማል። ስሞቹን አንድ በአንድ ያነባል። ስሙ የተጠራ ሁሉ ይጮኻል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሳደባል፣ በየቋንቋቸው ይንጫጫሉ። ፊልሙ ሙሉውን ሊያደርገው ይገባ የነበረው ይህን ነው። ዝርዝሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት ያገኛል። ግን በምርቃቱ ማታ እዚህ ሲደርስ ልቡን ዘግቶ የጨረሰ ተመልካች ስንት ነበር?

ስለዚህ ርዝመቱን ብቻ መክሰስ ልክ አይመስለኝም። ሦስት ሰዓት ከዚያም በላይ ተቀምጠን «ምነው ባላለቀ» ያልንባቸው ፊልሞች አሉ። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። ተመልካቹ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሳይነገረው እንዲጠብቅ ተደረገ። ሲነገረው ደግሞ የሚጠብቀው ነገር ቸል ተባለ። ጊዜው የተበላው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው።

መቀሱ

ስቱዲዮው ግን ችግሩን በደቂቃ ለካው። ፊልሙ ወደ 149 ደቂቃ ተቆረጠ። 70 ደቂቃ ወጣለት። በኤፕሪል 1981 ከ800 በላይ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ተለቀቀ። ከዚያ ሁሉ ሲኒማ የመጀመሪያ ገቢው 1.3 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በአጠቃላይ 3.5 ሚሊዮን ገደማ አስገብቶ ቆመ።

ይህ የጉዳዩ ትልቁ ማስረጃ ነው ብዬ አስባለሁ። ሰው «ረዘመብኝ» ብሎ ሲያማርር እውነቱን ነው፤ ስሜቱ ያ ነው። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ ርዝመት አይደለም። አጭሩ ፊልም ያን ያህል ደቂቃ ቢወጣለትም ጥያቄዎቹ አልተመለሱም። እንዲያውም ባሱ። በረጅሙ ውስጥ ቀስ ብለው የሚታወቁ ሰዎች በአጭሩ ውስጥ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ገዳይ ሆኖ የጀመረው ኔት ቻምፒየን፣ ክሪስቶፈር ዎከን የሚጫወተው፣ ለምን ልቡ እንደተለወጠ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል። ያ ጊዜ ከተቆረጠ ሞቱ ምንም አይመስልም።

ከዚያ የሆነውም ግራ የሚያጋባ ነው። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ለትዕይንት ዲዛይኑ ለኦስካር ታጨ። ለመጥፎ ፊልሞች የሚሰጠው የራዚ ሽልማት ደግሞ ቺሚኖን የዓመቱ መጥፎ ዳይሬክተር አለው። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ቤቱ፣ ልብሱ፣ መንገዱ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ተሠርቷል። ተመልካቹን መምራት የነበረበት ሰው ግን አልመራም።

ትራንስአሜሪካ 44 ሚሊዮኑን ኪሳራ ብሎ መዘገበ። በ1981 ስቱዲዮውን ኤም.ጂ.ኤም. ለተባለ ሌላ የፊልም ስቱዲዮ ሸጠው፤ ዋጋው 380 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። «ፊልሙ ስቱዲዮውን አከሰረው» ሲባል ትሰማላችሁ። በትክክል እንዲያ አይደለም። ዩናይትድ አርቲስትስ የጄምስ ቦንድ ፊልሞችን የያዘ ስቱዲዮ ነበር፤ ባለቤቱም ትልቅ ኩባንያ ነበር። የሆነው ባለቤቱ በፊልም ሥራ ተስፋ መቁረጡ ነው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ለዳይሬክተር ልቅ ነፃነት መስጠት ፈሩ። ቺሚኖ ራሱ ከዚህ ፊልም በኋላ እስከሞተበት እስከ 2016 ድረስ የሠራቸው ረጅም ፊልሞች አራት ብቻ ናቸው።

ያመለጠው እርምጃ

ወደ ግልጽ ደብዳቤው ልመለስ። ቺሚኖ እዚያ ውስጥ ያመነው ነገር አለ። የጊዜው ጫናና በሕዝብ ፊት የሚደረገው የሙከራ ማሳያ መቅረቱ ስለ ፊልሙ የነበረኝን እይታ ጋርዶብኛል የሚል ይዘት አለው። ለእኔ ከሐያስያኑ ሁሉ ትችት በላይ ችግሩን የሚናገር ይህ ነው።

የሙከራ ማሳያ ማለት ቀላል ነገር ነው። ስለ ፊልሙ ምንም የማያውቁ ሰዎችን አስቀምጦ ማሳየት። የት ሳቁ፣ የት ዝም አሉ፣ የት መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ ስንቱ ወጣ። አንዳንድ ዳይሬክተሮች ይጠሉታል፤ ሥራችንን ያረክሰዋል ይላሉ። ስጋታቸው አንዳንዴ ልክ ነው፤ ስቱዲዮ ከአንድ ማታ ምላሽ ተነስቶ ጥሩ መጨረሻ ሲያስቀይር ታይቷል። የ«ሄቨንስ ጌት» ችግር ግን በተቃራኒው ነበር። ፊልሙ ከተጻፈ ጀምሮ እስከ ምርቃቱ ድረስ እንደ ባዳ ተመልካች ተቀምጦ ያየው ሰው አልነበረም።

እስኪ ማን ማን አየው እንበል። ቺሚኖ አየው፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ትዕይንት እንዴት እንደተቀረጸ ያውቃል። የሃርቫርዱ ቫልስ ለእሱ 20 ደቂቃ አይደለም፤ የስንት ቀን ድካም ነው። የዋዮሚንጉ ሰውዬ ለምን እንዳዘነ ያውቃል፣ ምክንያቱም ራሱ ነው የጻፈው። ስለዚህ የጎደለውን በራሱ ጭንቅላት እየሞላ ያያል። ኤዲተሮቹም እንደዚያው ናቸው፤ ከ200 ሰዓት ውስጥ 219 ደቂቃ ላወጣ ሰው ፊልሙ በጣም አጭር ነው። ኃላፊዎቹ ደግሞ ሲያዩት የሚያዩት ገንዘቡንና ቀኑን ነው። አምስት ሰዓት ከ25 ደቂቃውን ያየ ሰው 219 ደቂቃ ሲመጣለት እፎይ ይላል። የሚያነጻጽረው ከዚያ ጋር ነዋ! ትኬት የቆረጠው ሰው ግን የሚያነጻጽረው ከማታው ጋር ነው።

ማንም ሆን ብሎ ተመልካቹን አልናቀም። ሁሉም ለፍቷል። ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያውቃል፣ ምን አያውቅም፣ አሁን ምን ይጠይቃል ብሎ የሚያስብ ወንበር በሥራው ውስጥ አልነበረም። ይህ ደግሞ በትንሽ በጀት በሚሠሩ ፊልሞችም የማየው ነገር ነው። ገንዘቡ ያንሳል እንጂ ጥፋቱ አንድ ነው።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ

ረጅሙ ፊልም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በ1982 የገና ዋዜማ ዚ ቻናል የተባለ የሎስ አንጀለስ የኬብል ጣቢያ አሳየው። ሰዎች ቤታቸው ሆነው አዩት፤ ብዙዎች ወደዱት። አውሮፓ ውስጥም ቀስ በቀስ ወዳጅ አፈራ። በ2012 ቺሚኖ ራሱ የተቆጣጠረው የታደሰ ቅጂ በቬኒስ ፌስቲቫል ታየ። 216 ደቂቃ ነው። እሱም በቦታው ተገኝቶ ተጨበጨበለት። በ2015 ቢቢሲ ሐያስያንን ጠይቆ ባወጣው የ100 ታላላቅ የአሜሪካ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ 98ኛ ሆኖ ገባ።

ከዚህ ተነስተው «ያኔ የነበረው ሕዝብ አልገባውም ነበር» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። ይህ አባባል ማታውን ላጣ ሰው ፍትሐዊ አይደለም።

አንደኛ፣ ያዩት ነገር አንድ አይደለም። በታደሰው ቅጂ ላይ ያ ቡናማ ቀለም ተነስቷል፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆኗል። ድምፁም ጸድቷል፤ እረፍቱም ወጥቷል። ኢበርት ያኔ «አስቀያሚ ነው» ያለውን ምስል በ2012 ያጨበጨቡት ሰዎች አላዩትም። ዳይሬክተሩ ቀለሙን የለወጠው የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አቤቱታ ውስጥ እውነት ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ የአሁኑ ተመልካች ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይገባል። ቀርፋፋ ነው ተብሏል፣ ውብ ነው ተብሏል፣ የሃርቫርዱ ክፍል ረጅም ነው ተብሏል። ስለ ዝርዝሩ አስቀድሞ አንብቧል። ፊልሙ ያልሰጠውን መነሻ ሌሎች ሰጥተውታል። ቤቱ ከሆነ ደግሞ አቁሞ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። የ1980ው ሰው ይህ ሁሉ አልነበረውም። የነበረው አንድ ነገር ቢኖር «የባከነ ገንዘብ» የሚል የጋዜጣ ወሬ ነው፤ እሱም ገና ሳያይ ልቡን አበላሽቶበታል። ይህ የፊልሙ ጥፋት እንዳልሆነ እቀበላለሁ።

ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ቅሬታ አላቸው። እውነተኛዋ ኤላ ዋትሰን እና እውነተኛው ጂም አቨሪል በ1889 በከብት ባለሀብቶች ተሰቅለው ነው የተገደሉት፤ ከዋናው ግጭት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። በ1892ቱ ግጭት የሞቱት ሰዎችም ፊልሙ ከሚያሳየው እልቂት ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ናቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር አይደለም። ፊልም መብቱ ነው።

ዛሬ ልየው የሚል ሰው ካለ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። 149 ደቂቃውን ተዉት፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። 216 ደቂቃውን ያዙ። በድምፅ ጥሩ በሆነ ቦታ ይሁን። የሃርቫርዱን ክፍል መግቢያ ሙዚቃ ነው ብላችሁ እለፉት፣ ትርጉም አትፈልጉበት። የ125ቱ ስም ዝርዝር ሲነሳ ልብ በሉ፤ ፊልሙ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ጭፈራው ላይ ስትደርሱ አሁንም ግድ ካልሰጣችሁ ያለ ጸጸት ዝጉት። ዝርዝሩ የሚነበብበትን ትዕይንት ግን ለብቻውም ቢሆን ፈልጋችሁ እዩት።